የጥልፍ ማሽኗ በማን ስም ትግባ?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ። በብዛት የምሠራው የሐበሻ ቀሚስ ነው። ጥልፉን እስካሁን ውጭ እየሰጠሁ ነው የማሠራው፤ ትርፌ እዚያው እያለቀ ተቸገርኩ። አንድ የቻይና ኦንላይን ሱቅ ላይ ትንሽ የጥልፍ ማሽን በ400 ዶላር አየሁ። ማጓጓዣው ነፃ ነው ይላል። ወንድሜ ዱባይ ነው ያለው፤ በቅርቡ ለዕረፍት ይመጣል፣ እኔ ልግዛልሽ ይለኛል። በቴሌግራም ዕቃ የሚያስመጣ ልጅ ደግሞ በብር ክፈይኝና ደሴ ድረስ ላምጣልሽ ብሎኛል። በየትኛው ልሂድ? ቀረጡስ ስንት ይመጣብኛል? ኮምቦልቻ ጉምሩክ እያለልን አዲስ አበባ መመላለስ አለብኝ ወይ?»

እህቴ፣ ገንዘብ ሳትከፍዪ በፊት መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ከፍሎ፣ ዕቃው ቦሌ ደርሶ ከተያዘ በኋላ ነው «ምን ላድርግ?» የሚለው። ያኔ ልረዳው የምችለው ጥቂት ነው። ኮምቦልቻ ላይ በትራንዚተርነት፣ ማለትም የሰውን ዕቃ ከጉምሩክ በማስጨረስ ስለምሠራ ውሎዬ ከዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ ከሚሞላው የዕቃ ቅጽ) እና ከኢንቮይስ (ከሻጩ የዋጋ ሰነድ) ጋር ነው። የማውቀውን ዘርዝሬ ልንገርሽ።

ያስቀመጥሻቸውን ሦስት መንገዶች ከዋጋቸው ይልቅ የሚለያቸው ስም ነው። ሱቁ ዘንድ ገዢ ተብሎ የተመዘገበው ማን ነው? ጉምሩክ ዘንድ አስመጪ ተብሎ የሚጻፈውስ ማን ነው? ማሽኗ ተሰብራ ብትመጣ ሱቁን «ገንዘቤን መልስ» ማለት የሚችለው በስሙ የገዛው ሰው ብቻ ነው። ኬላ ላይ ወረቀት ሲጠየቅ የሚታየውም ስም ነው። አንቺ ደግሞ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ያለሽ ሰው ነሽ። በስምሽ የገባ ማሽን የድርጅትሽ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል፤ የሒሳብ መዝገብ የምትይዢ ከሆነም በየዓመቱ እርጅናው ግብር ከሚታሰብበት ትርፍሽ ላይ ይቀነስልሻል። በሌላ ሰው ስም የገባ ማሽን ግን ሒሳብሽ ላይ የለም። ይህን ነገር ሰው አስቀድሞ አያስበውም። እኔ ግን ከሁሉም በፊት የምጠይቀው እሱን ነው።

አሁን ወደ 400 ዶላሩ እንምጣ።

«ማጓጓዣ ነፃ» የሚለው እንዳያታልልሽ። መተግበሪያውን ክፈቺና ዕቃው ወደየት እንደሚላክ የሚመረጥበት ቦታ ላይ የትኛው አገር እንደተጻፈ እዪ። ብዙ ጊዜ አሜሪካ ወይም ሌላ አገር ሆኖ ነው የሚገኘው። ኢትዮጵያ ብለሽ ቀይሪው። ያኔ ወይ «ነፃ» የሚለው ይጠፋና ዋጋ ይመጣል፣ ወይ ደግሞ «ወደዚህ አገር አንልክም» ይልሻል። መርፌና ክር የመሰለ ቀላል ነገር ሲሆን ነፃ የሚልኩ አሉ። ማሽን ሲሆን ግን ተጠራጠሪ።

ምክንያቱም በአየር የሚመጣ ዕቃ የሚከፈልበት በሚዛኑ ብቻ አይደለም። የካርቶኑ ስፋትም ይቆጠራል። ፈጣን መልእክት አድራሾቹ የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር አባዝተው ብዙውን ጊዜ ለ5000 ያካፍሉታል። ከዚያ የሚወጣውን ቁጥር ከሚዛኑ ጋር ያስተያዩና በበለጠው ያስከፍላሉ። የማሽኗ ካርቶን 60 በ45 በ40 ነው እንበል። ሲባዛ 108,000 ይሆናል። ለ5000 ሲካፈል 21.6 ኪሎ። ማሽኗ ሚዛን ላይ 11 ኪሎ ብትሆንም የምትከፍዪው ለ21.6 ነው። እና ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቂው የማሽኗን ክብደት ሳይሆን የካርቶኑን ልክ ነው።

ቀረጡ ስንት ይሆናል ላልሽው፣ አንድ ቁጥር ጠርቼ ልሸኝሽ አልፈልግም። አሠራሩን ካወቅሽ ግን ራስሽ ታሰዪዋለሽ። ጉምሩክ የሚነሳው ከዕቃው ዋጋ፣ ከማጓጓዣውና ከኢንሹራንሱ ድምር ነው። ቀረጡ የሚታሰበው በዚህ ድምር ላይ ነው። የቀረጡ መጠን ከዕቃ ዕቃ ይለያያል፤ ከዜሮ ጀምሮ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። የትኛው እንደሚመለከትሽ የሚወስነው የታሪፍ ቁጥሩ ነው፤ እኛ ኤችኤስ ኮድ የምንለው። የቤት ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን 8452.10 ላይ ነው። ጥልፍ ብቻ የሚሠሩት የፋብሪካ ማሽኖች ደግሞ 8447 ውስጥ ናቸው። ያንቺዋ ስፌትም ጥልፍም ትሠራለች ወይስ ጥልፍ ብቻ? የቤት ናት የፋብሪካ? መልሱ ቁጥሩን ይቀይረዋል፣ ቁጥሩ ሲቀየር ገንዘቡም ይቀየራል። ስለዚህ ከሻጩ የማሽኗን ሙሉ መግለጫ የያዘውን ገጽ ወስደሽ አስቀምጪ። ዲክላራሲዮኑን የሚሞላልሽ ሰው «ማሽን» ከሚል አንድ ቃል ተነስቶ እንዲገምት አትተዪው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ማሽኗ 400፣ ማጓጓዣው 140፣ ኢንሹራንሱ 10 ዶላር ይሁን፤ ድምሩ 550። ቀረጡ 10 በመቶ ነው ብለን እንያዝ፤ ይህ ለስሌት የወሰድኩት ነው፣ ያንቺን ማሽን ቁጥር እዪ። 10 በመቶው 55 ዶላር ነው፤ 605 ደረስን። ኤክሳይዝ የሚባለው ታክስ የለበትም እንበል። ቫት 15 በመቶ የሚታሰበው በ605ቱ ላይ ነው፤ 90.75 ይሆናል። አሁን 695.75 ነን። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ታክስ ካለበት 10 በመቶው የሚታሰበው በዚህ በተጠራቀመው ላይ ነው፤ ወደ 69.58። ከዚያ ሶሻል ዌልፌር የሚባለው 3 በመቶ አለ፤ እሱ ወደ መጀመሪያው 550 ተመልሶ ይታሰባል፤ 16.50። ሁሉም ሲደመር ቀረጥና ታክሱ ወደ 232 ዶላር ነው። ለንግድ ተብሎ ከገባ ደግሞ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (አስቀድሞ የሚያዝ ግብር)፣ በ550ው ላይ ተሰልቶ ሌላ 16.50 ይጨመራል። በ400 ዶላር ያየሻት ማሽን ወደ 800 ዶላር ተጠጋች ማለት ነው። ገና ደሴ አልደረሰችም።

አየሽ፣ አንዱ ታክስ በሌላው ላይ ነው የሚቆመው። ሰው «15 በመቶ ቫት ብቻ ነው» ብሎ አስልቶ ይመጣና ይደነግጣል። ሱር ታክስ የማይመለከታቸው ዕቃዎች ስላሉ የማሽኗን ቁጥር ይዘሽ አስቀድመሽ ማጣራት ይጠቅምሻል፤ በምሳሌያችን ብቻ እንኳ 70 ዶላር ገደማ ነው የሚለየው። ዊዝሆልዲንጉ ደግሞ አይጠፋም። በቲን ቁጥርሽ እስከተከፈለ ድረስ ዓመታዊ ግብርሽ ላይ ይታሰብልሻል። በቴሌግራሙ ልጅ ስም ከተከፈለ ግን የሚታሰበው ለልጁ ነው። ስም ስም የምልሽ ለዚህ ነው።

ምንዛሪውንም አትርሺ። ቀረጥ የሚሰላው ዕቃውን ባዘዝሽበት ቀን ዋጋ ሳይሆን ዲክላራሲዮኑ በሚመዘገብበት ጊዜ ባለው ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ነው የዘለለው። በዚያ ሳምንት ዕቃቸው መንገድ ላይ የነበረ ሰዎች ቀረጡን ለመክፈል ብድር የገቡ አሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል እያልኩሽ አይደለም። ከምታሰዪው በላይ ትንሽ መጠባበቂያ ይኑርሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር በየቦታው ስለሚሰጥ ላንሳው። «ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ 50 ዶላር ብሎ ይጻፍ፣ ጊፍት ይበልበት» ይላሉ። እባክሽ አታድርጊው። ጊፍት የሚል ጽሑፍ ቀረጥ አያስቀርም። ዋጋው የማይታመን ከሆነ ጉምሩክ ተመሳሳይ ዕቃ ከገባበት ዋጋ ተነስቶ ያሰላል፤ ያቺ ማሽን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በስንት እንደምትሸጥ ማንም ስልኩን አውጥቶ ያያል። ከዚህም የሚብሰው ሌላ ነው። ዕቃው ጠፍቶ ወይም ተሰብሮ ካሳ ብትጠይቂ የሚታየው የተጻፈው ዋጋ ነው። 50 ብለሽ 400 ልትጠይቂ አትችዪም።

በራስሽ ስም በቀጥታ ማዘዙ ይቻላል? ይቻላል፤ ክፍያው ላይ ነው የሚከብደው። የብር ካርድሽ የውጭ ሱቅ ላይ አይሠራም። ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ሰዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ተፈቅዶላቸዋል። ወንድምሽ የሚልክልሽ ከሆነ ባንክሽ ሄደሽ ሒሳቡ ከካርድ ጋር እንደሚሰጥና ዕቃ ለመግዛት እንደሚያገለግል ጠይቂ። በሌላ ሰው ካርድ ከከፈልሽ ሱቁ ስሙ አልገጠመም ብሎ ትዕዛዙን ሊሰርዝ ይችላል። ሻጩ «ከመተግበሪያው ውጭ በቀጥታ ላኪልኝና ልቀንስልሽ» ካለሽ ደግሞ ያንኑ ደቂቃ ተዪው። ሱቁ ገዢን የሚጠብቀው ገንዘቡ በሱቁ በኩል ሲያልፍ ነው። ውጭ ከተከፈለ ሱቁ አያውቅሽም።

ብዛቱንም ልብ በዪ። አንድ ማሽን ለራስሽ መገልገያ ተብላ የመታየት ዕድል አላት፤ ውሳኔው ግን የጉምሩኩ ነው። ለጓደኞችሽም ጨምረሽ አራት አምስት ካመጣሽ ያ ንግድ ነው። የንግድ ፈቃዱና የባንክ ፈቃዱ አብሮ ይጠየቃል።

ወደ ቴሌግራሙ ልጅ እንሂድ። እንዲህ የሚሠሩ ልጆችን በጅምላ መውቀስ አልፈልግም። በታማኝነት የሚሠሩ አሉ፤ ካርድ ለሌለው ሰው መንገድ ከፍተዋል። ነገር ግን እሱ ጋ ስትገቢ ከሱቁ ጋር ያለሽ ግንኙነት ይቋረጣል። ገዢው እሱ ነው። አስመጪውም እሱ ወይም የሱ ሰው ነው። የአንቺ ማሽን ከሌላ ብዙ ሰው ዕቃ ጋር ተደባልቃ ትጫናለች። ከዚያ ውስጥ የአንዱ ሰው ዕቃ ችግር ካለበት፣ ያንቺም አብራ ትቆማለች። «ያልፋል፣ አይዞሽ» ይልሻል። ማለፉንስ ያልፍ ይሆናል። በምን ወረቀት አለፈ ነው ጥያቄው። ማሽኗ ደሴ ገብታ ሱቅሽ ውስጥ ተቀምጣ እንኳ ዲክላራሲዮን ከሌላት የኮንትሮባንድ ዕቃ ተብላ ልትወረስ ትችላለች። ከአዲስ አበባ ደሴ ስትመጣ ደግሞ መንገድ ላይ ፍተሻ እንዳለ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ከሱ ጋር የምትሠሪ ከሆነ ሙሉውን ብር አስቀድመሽ አትስጪ። ቀብድ ስጪ፣ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ጽሑፉ ላይ የማሽኗ ሞዴል ይኑር፣ ቀረጡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይኑር፣ ምንዛሪ ቢጨምር ልዩነቱ የማን እንደሆነ ይኑር፣ ተሰብራ ብትመጣ ምን እንደሚሆን ይኑር። «እንተማመናለን» የሚባለውን ነገር እንደ ወሎዬ ሰው እኔም እወደዋለሁ። ግን ስትረካከቡ የዲክላራሲዮኑን ቅጂ እንደሚሰጥሽ አሁኑኑ ጠይቂው። አይሰጥም ካለ መልስሽን አገኘሽ።

ልጁ «ተልኳል፣ ይኸው መከታተያ ቁጥሩ» ብሎ ቁጥር ሊልክልሽ ይችላል። በፖስታ የሚላክ ዕቃ ቁጥር በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ 13 ምልክት አለው። ሁለት የላቲን ፊደል፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት ፊደል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች የተነሳበትን አገር ይናገራሉ። ሲ እና ኤን ከሆኑ ቻይና ነው፤ ኢ እና ቲ ከሆኑ የኛው ፖስታ ነው። «ከቻይና ተልኳል» ተብለሽ የሌላ አገር ፊደል ካየሽ ጠይቂ።

ቁጥሩ የተፈጠረ መሆን አለመሆኑንም ቤትሽ ቁጭ ብለሽ መፈተሽ ትችያለሽ። ዘጠነኛው ቁጥር ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ከፊቱ ያሉት ስምንቱ ናቸው የሚወልዱት። 473124829 የሚል ቁጥር እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹን ስምንት በቅደም ተከተል በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 አባዢ። 4 በ8፣ 32። 7 በ6፣ 42። 3 በ4፣ 12። 1 በ2፣ 2። 2 በ3፣ 6። 4 በ5፣ 20። 8 በ9፣ 72። 2 በ7፣ 14። ደምሪው፤ 200። 200ን ለ11 ስታካፍዪ 2 ይተርፋል። 2ን ከ11 ቀንሺ፤ 9። የመጨረሻው ቁጥር 9 ነው፤ ገጠመ። ቅነሳው 10 ከሰጠሽ በ0 ነው የሚጻፈው፣ 11 ከሰጠሽ በ5። ካልገጠመ ቁጥሩ የፖስታ ቁጥር አይደለም፣ ወይም ሲገለበጥ ተሳስቷል። ከገጠመም ገና አልጨረስሽም፤ ትክክለኛ ሆኖ የሌላ ሰው ዕቃ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ፖስታ ቤቱ መከታተያ ላይ አስገቢና የተነሳበትን ቀን፣ የደረሰበትን ቦታ እዪ። ካንቺ ትዕዛዝ በፊት የተነሳ ከሆነ ያንቺ አይደለም። የግል መልእክት አድራሾች ቁጥር ሌላ ዓይነት ስለሆነ ይህ ስሌት እነሱን አይመለከትም።

ስለ ኮምቦልቻ ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ኮምቦልቻ የጉምሩክ ቅርንጫፍ አለ፣ ደረቅ ወደብም አለ። ነገር ግን እዚህ የሚመጣው በብዛት ከጅቡቲ በመኪና፣ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚገባው የኮንቴይነር ጭነት ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩና የፋብሪካዎቹ ዕቃ፣ የትላልቅ አስመጪዎች ዕቃ። ከኦንላይን ሱቅ በአየር የምትላክ አንዲት ካርቶን ግን መጀመሪያ የምታርፈው ቦሌ ነው። በግል መልእክት አድራሽ ከመጣች እነሱ ያስጨርሳሉ፣ ለአገልግሎታቸውም ያስከፍሉሻል። በፖስታ ከመጣች በፖስታ ቤቱ በኩል ታልፋለች። ኮምቦልቻ የሚጠቅምሽ ሌላ ጊዜ ነው። እንዳንቺ ያሉ የደሴ ልብስ ሰፊዎች ተሰባስባችሁ፣ ፈቃድና የባንክ ሰነድ አዘጋጅታችሁ፣ ብዙ ማሽን በባሕር ብታስመጡ መዳረሻውን ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ማድረግ ይቻላል። ያኔ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ዕቃን መረከብ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በከተማችን ቢለመድ በጣም ደስ ይለኛል፤ ሁሉም ሰው ለአንድ ማሽን ለየብቻው ከሚንከራተት።

አሁን ስለ ማሽኗ ራሷ። ይሄ የኔ ሙያ ባይሆንም ተመላልሶ የሚመጣ ችግር ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የቻይናም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ሱቅ የተገዛ ማሽን 120 ብቻ የሚል ከሆነ ደሴ ላይ ስትሰኪው ሞተሩ ይቃጠላል። ማሽኗ ኋላ ወይም ሥር ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ምንም ችግር የለም። ኮምፒውተር ያላት ማሽን ስለሆነች ስታቢላይዘር አብረሽ አስቢ፤ የመብራቱን መውጣትና መውረድ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም።

ሌላው ጨርቁ ተወጥሮ የሚጠለፍበት የፍሬሙ ልክ ነው። ርካሾቹ የቤት ማሽኖች ብዙዎቹ የሚጠልፉት 10 በ10 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ለሸሚዝ ኪስ፣ ለሕፃን ልብስ ይበቃል። የሐበሻ ቀሚስ ደረት ላይ ያለው ጥልፍ ግን ከዚያ በላይ ይወርዳል። እየፈታሽ እያሰርሽ ልትሠሪው ነው፤ መስመሩን ማገጣጠሙ ደግሞ ጊዜ ይበላል። አንቺ ማሽን የፈለግሽው ለቀሚስ ከሆነ የ400 ዶላሯ ማሽን መልስሽ ላትሆን ትችላለች። ትዕዛዝ ከመስጠትሽ በፊት ካሠራሻቸው ቀሚሶች የትልቁን ጥልፍ ርዝመት በሜትር ለኪ። ያንን ልክ ይዘሽ ፈልጊ።

እና በየትኛው ልሂድ ላልሽው፣ እኔ ብሆን በወንድሜ እሄዳለሁ። ዱባይ መብራቱ ከኛ ጋር ይገጥማል፤ ሶኬቱ ባለ ሦስት ጥርስ ስለሆነ አዳፕተር ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ማሽኗን እዚያው ከፍቶ፣ ሰክቶ፣ ጠልፎባት ያያል። ከተበላሸች እዚያው ይመልሳታል፤ ገዢው እሱ፣ ሱቁም አጠገቡ ነው። ከደሴ ወደ ቻይና ማሽን ልመልስ ብትዪ ግን ማጓጓዣው ብቻ የማሽኗን ዋጋ ሊበላው ይችላል። ጉድለቱ ወረቀቱ በሱ ስም መሆኑ ነው። ለአንድ ማሽን ሲባል ያንን ጉድለት እቀበለዋለሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ማሽን ስታስቢ ግን በራስሽ ስም፣ በፈቃድሽ ይሁን።

ከሁሉም በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ሻጮችን ዋጋ ጠይቂና ከዚያ ከ800 ዶላሩ ጋር አስተያዪው። ልዩነቱ ከሩብ በታች ከሆነ እዚሁ ግዢ። መለዋወጫ የሚገኝላት፣ መካኒክ የሚያውቃት ማሽን ከርካሿ ትበልጣለች።

የኦንላይኑን መንገድ መልመድ ከፈለግሽ በትንሽ ጀምሪ። መርፌና ቦቢን እዘዢ። ከ2 ኪሎ በታች የሆነ ትንሽ ጥቅል በፖስታ በርካሽ ይመጣል። መርፌ ስታዢ የቤት ማሽን መርፌ 130/705 ኤች የሚባለው መሆኑን እዪ፤ አናቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። የፋብሪካ ማሽኑ መርፌ አናቱ ክብ ነው፤ ያንቺዋ ውስጥ አይገባም። አድራሻ ላይ «ከአይጠየፍ ዝቅ ብሎ» ዓይነት ነገር አይሠራም። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ከሌለሽ ደሴ ፖስታ ቤት ሄደሽ አውጪ። ሱቁ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቅሽ የአባትሽን ስም አስገቢ፤ የላቲን አጻጻፉ መታወቂያሽ ላይ ካለው አንድ ፊደል እንዳይለይ። ጥቅሉን ልትወስጂ ስትሄጂ የሚያስተያዩት ሁለቱን ነው። ስልክሽንም ከነአገር ኮዱ ጻፊ። ፓወር ባንክ ወይም ለብቻው ያለ የሊትየም ባትሪ አብረሽ አትዘዢ፤ በፖስታ አይላክም፣ ጥቅሉን በሙሉ ያስቀርብሻል። ሲደርስሽ ደግሞ ካርቶኑን ስትከፍቺ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቪዲዮ ቅረጪ፤ መተግበሪያው ላይ «ደርሶኛል» የሚለውን ሳታዪው አትንኪ።

ለወንድምሽ የምትነግሪውም ይኼን ነው። ማሽኗን ከመግዛቱ በፊት የኋላ ሰሌዳዋን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፤ ቮልቱን አንቺ አይተሽ እሺ በዪው። የፍሬሙን ልክ በሜትር ይለካ። ደረሰኙ ላይ የማሽኗ ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር ይጻፍበት። ትኬቱ ስንት ኪሎና ስንት ሻንጣ እንደሚፈቅድለት፣ የካርቶኑስ ልክ ያልፍ እንደሆነ አስቀድሞ አየር መንገዱን ይጠይቅ። ቦሌ ሲደርስ ቀረጥ ያለበት ዕቃ የያዘ መንገደኛ በሚያልፍበት በቀዩ መስመር ገብቶ ማሽኗን ራሱ ያስመዝግብ፣ የተጠየቀውን ይክፈል። የከፈለበትን ወረቀት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ አውቶቡሱ ደሴ እስኪገባ ድረስ ሊጠየቅበት ይችላል።